የላንድክሩዘር 100 እና የኤልኤክስ 470 የዘይት ሰስፔንሽን፦ ከማውለቃችሁ በፊት ለኩት

«አውልቃችሁ ጣሉትና ተራ አሞርዛተር ግጠሙበት።» የላንድክሩዘር 100 ቪኤክስ ወይም የሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ባለቤት ሆኖ ይህን ምክር ያልሰማ ጥቂት ነው። ምክሩ የሚመጣው መኪናው ኮሮኮንች ላይ ወገብ መምታት ሲጀምር ወይም ጠዋት ፊቱን ደፍቶ ሲገኝ ነው። ባለቤቱ ይደነግጥና ይስማማል። ፓምፑ፣ ሲሊንደሩ፣ የጋዝ ኳሱ ሁሉ ይወልቅና ሶማሌ ተራ ይሸጣል። እኔ ቃሊቲ መስመር ባለ ጋራዥ እነዚህን መኪኖች የምጠግን መካኒክ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ወደ ዳናኪልና ወደ ኦሞ ቱሪስት ከሚያደርሱ መኪኖች ጋር እጓዝ ነበር። ከሚወልቁት ብዙዎቹ ደክመው ነው እንጂ ሞተው አይደለም። የደከመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሜትር፣ ደልዳላ መሬት፣ ግፊት የሚያነብ ስካነርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ነገሩ አሁን ይበልጥ ያሳስበኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ ጥሩ ላንድክሩዘር በሌላ ላንድክሩዘር በቀላሉ አይተካም። ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ ቀደም ብሎ የገባው መኪና ያለውን ይዞ መቆየት አለበት።

ሥራው እንዴት ነው

ተራ መኪና ላይ ሞላው ወይም ባሌስትራው ክብደት ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ንዝረቱን ያረጋጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ከላንድክሩዘር 100 ጋር የወጣው ኤኤችሲ የሚባለው ሲስተም ግን አሞርዛተሩን በዘይት ሲሊንደር ተክቶታል። ሞላው ግን አልወጣም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የቀረው ሁሉ የሚገባው በዚህ ነው። ከፊት ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ አለ፣ ከኋላ ጥቅል ሞላ አለ። ከመኪናው ክብደት አብዛኛውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ የቀረውን ግፊት ያለበት ዘይት ይሸከማል። አንድ ጆንያ ጤፍ ለሁለት የያዙ ሰዎችን አስቡ፤ አንደኛው ሲዝል ክብደቱ ወደ ሌላኛው ይዞራል። ቶርሽን ባሩ በዕድሜ ሲላላ መኪናው ወዲያው አይወርድም፤ ኮምፒውተሩ ዘይት ጨምሮ ከፍታውን ይጠብቃል። ባለቤቱ በዓይኑ ምንም አያይም። ዘይቱ ግን ከድርሻው በላይ ተሸክሟል፣ ግፊቱ ጨምሯል፣ መኪናው ደርቋል።

ዘይት ተጭኖ አያንስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር በቧንቧ ከአንድ የብረት ኳስ ጋር ተገናኝቷል። በኳሱ ውስጥ ሽፋን አለ፣ ከሽፋኑ በወዲያ ናይትሮጅን ጋዝ ታምቋል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይሮጣል፣ ጋዙ ይታመቅና መልሶ ይገፋል። እንግዲህ ምቾቱ ያለው በጋዙ ነው። በሲሊንደሩና በኳሱ መካከል ደግሞ ዘይቱ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ፤ መንገዱን የምታጠብና የምታሰፋ ትንሽ ሞተር ተገጥማለታለች። 16 ደረጃ አላት። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን፣ የመሪውን አዟዟርና ፍሬን መያዙን እያነበበ ለየጎማው ደረጃውን ይመርጣል፦ ቀጥ ባለ ኮሮኮንች ላይ ያላላል፣ ኩርባ ላይና ፍሬን ሲያዝ ያጠነክራል። ሲስተሙ እንደ መንገዱ ይለዋወጣል የሚባለው ይህ ነው። አጠገባችሁ ያለችው ባለ 4 ደረጃ መምረጫም ለዚህ ምርጫ መነሻ ትሰጣለች እንጂ ምርጫውን አትወስነውም።

ከፍታውን የሚቀይረው በግራ በኩል ሻንሲው ላይ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። 3 የከፍታ ሴንሰሮች አሉ፣ 2 ከፊት 1 ከኋላ። የፊት ግራና ቀኝ ሲሊንደሮች የሚደርሳቸው ግፊት እኩል ነው። ይህችንም አስታውሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ዘይትንና ጋዝን አጣምሮ መኪና መሸከም የቶዮታ ፈጠራ አይደለም። ሲትሮየን በ1955 እ.ኤ.አ. ዲኤስ በተባለችው መኪናው ላይ ያዋለው የፖል ማዤ ሥራ ነው። የዲኤስ ክብደት ሙሉ በሙሉ በዘይቱና በጋዙ ላይ ነበር፤ ቶዮታ ግን ሞላውን አስቀርቷል። እንዲህ በመሆኑ በረሃ መሃል ቧንቧ ቢፈነዳ መኪናው ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ መንደር ይደርሳል። ሩቅ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

መንገድ ላይ ስትጠቀሙበት

ሃይ (ከፍ ያለው)፣ ኤን (መደበኛው) እና ሎው (ዝቅ ያለው) የሚሉ 3 ከፍታዎች አሉ። ሃይ ከኤን ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሳል። ብዙ ሰው ከከተማ ወጥቶ ጠጠር መንገድ ሲጀምር ወዲያው ሃይ ላይ ያደርገዋል፤ ይህ ልክ አይደለም። መኪናው ሃይ ላይ ሲሆን ሲሊንደሩ ወደ ጫፉ ተዘርግቷል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያንሰዋል። ዘይቱም ይበልጥ ተሸክሟልና መኪናው ይደርቃል። ኮሮኮንች ላይ ኤን ነው። ፍጥነታችሁ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲያልፍ መኪናው ራሱ ወደ ኤን የሚመለሰውም ለዚህ ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ አትጨነቁ።

ሃይ የሚያስፈልገው ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት፣ ትልልቅ ድንጋይ በቀስታ ስታልፉ፣ ወይም ሆዱ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ ነው። አፋር ውስጥ ያቺ 5 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ጊዜ ከአካፋ እንዳዳነችን አብረውኝ የነበሩት ሾፌሮች ያውቃሉ። ሆዱ አሸዋ ሲነካ ጎማ እያሽከረከራችሁ አትቅበሩት። ቁሙ፣ ሃይ አድርጉት፣ ከሥሩ ሳትገቡ በተከፈተው ክፍተት አሸዋውን አውጡ፣ ከጎማው ሥር ጣውላ አስገቡ፣ ከዚያ በኋላ ውጡ። ሎው ደግሞ ዕቃ ለመጫንና አረጋውያንን ለማሳፈር ነው፤ በሎው መንገድ አይኬድም።

አሁን የምለውን ግን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ጎማ ስትቀይሩ፣ ክሪክ ስታስገቡ፣ መኪናው ሲጎተት ሞተሩ ይጥፋ። ሴንሰሩ መኪናው እንደተነሳ ሲያይ ኮምፒውተሩ ዘይቱን ሊለቅ ይችላል፤ ክሪኩ ላይ ያለ መኪና ይወርዳል። ከፍታ መቆጣጠሪያውን የሚያጠፋ ኦፍ የሚል ቁልፍ ካለውም ተጫኑት። ሃይ ላይ የቆመ መኪና ሥር በምንም ምክንያት አትግቡ። በዘይት የተነሳ መኪና አንድ ቧንቧ ቢለቅ በቅጽበት ይወርዳልና ሻንሲው በብረት ማቆሚያ መደገፍ አለበት። ረዳት ልጆች ላሏችሁ ጋራዦች ይህን ደግሜ እለምናችኋለሁ።

ምርመራው

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ መጀመሪያ ከፍታ፣ ቀጥሎ የማጠራቀሚያው ዘይት፣ ከዚያ ግፊት። ከፍታው የተዛባ መኪና ላይ የተነበበ ግፊት ውሸት ይናገራል።

ለከፍታው መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፣ ከፍታው ኤን ላይ ይሁን። ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱትና ይረጋጋ። ከዚያ ከቸርኬው መሃል ነጥብ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ቁጥርና ነፋሱ ያሳስታችኋል። ለላንድክሩዘር 100ም ሆነ ለኤልኤክስ 470 ከፊት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላ 52 ሳንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ፊትና ኋላው ከዚህ ከራቀ መጀመሪያ የሴንሰሩን ዘንግ እዩ። ዘንጉ ጫፍና ጫፉ ላይ ኳስ መገጣጠሚያ አለው፤ ጭቃና አቧራ ገብቶበት ይደርቃል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ዘንጉ የተያዘ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የሌለ ከፍታ ነው። እጠቡት፣ በእጃችሁ አንቀሳቅሱት፤ ደህና ከሆነ በማስተካከያው ረጅም ወይም አጭር በማድረግ ከፍታው ይስተካከላል።

የፊቱ ግራና ቀኝ ካልተመጣጠነ ግን ሴንሰሩን አትንኩ። ቅድም አስታውሷት ያልኳት ነገር እዚህ ትመጣለች፦ ሁለቱ የፊት ሲሊንደሮች ግፊታቸው እኩል ስለሆነ መኪናውን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለው ዘይቱ ሊሆን አይችልም። የሚያዘነብለው አንደኛው ቶርሽን ባር ከሌላው በመላላቱ ነው። እዚህ ላይ ተሳስቶ ጥሩ ሲሊንደር የሚቀየርለት መኪና ብዙ ነው።

ቀጥሎ ወደ ማጠራቀሚያው። ኮፈኑን ክፈቱና የኤኤችሲ ዘይት ማጠራቀሚያውን ፈልጉ፤ ላስቲኩ ላይ እኩል የተደረደሩ ትንንሽ መስመሮች አሉ። ሞተሩን አስነስታችሁ መኪናውን ሎው ላይ አድርጉት፣ እስኪረጋጋ ጠብቁና ዘይቱ የደረሰበትን መስመር ምልክት አድርጉ። አሁን ወደ ሃይ አንሱት፤ ሲቆም እንደገና እዩ። ዘይቱ ወደ ሲሊንደሮቹና ወደ ኳሶቹ ስለሄደ ዝቅ ብሏል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያሉትን መስመሮች ቁጠሩ። ኳሶቹ አዲስ የሆኑ መኪና 14 አካባቢ ያሳያል። 7 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኳሶቹ አልቀዋል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በማንም አይታለልም። መኪናው ከፍ ሲል ቶርሽን ባሩና ሞላው ይለቃሉ፤ ክብደቱ ወደ ዘይቱ ይዞራል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ጋዙ ይታመቅና ኳሱ ውስጥ ለዘይት ቦታ ይከፈታል። ናይትሮጅኑ ባለፉት ዓመታት በሽፋኑ ሰርጎ ካለቀ ግን ኳሱ አስቀድሞ በዘይት ሞልቷል፤ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያው ብዙ አይጎድልም። ጋዝ የሌለው ኳስ ማለት ጎማው ከሻንሲው ጋር በማይታመቅ ዘይት ተያያዘ ማለት ነው። ወገብ የሚመታው እሱ ነው።

ግፊቱን ለማንበብ ቴክስትሪም የሚባለው የቶዮታ ፕሮግራም ወይም የኤኤችሲን መረጃ የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋል። መኪናውን ሎው አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ኤን ሲነሳ የፊቱንና የኋላውን ግፊት ለየብቻ ጻፉ። ባዶ መኪና ላይ ከፊት 7 ሜጋፓስካል አካባቢ፣ ከኋላ 6 ሜጋፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። ለሞዴላችሁ የተቀመጠውን ልክ ከጥገና ማኑዋሉ አረጋግጡ። ግፊቱ ከፍ ካለ ሞላው ደክሟል ወይም መኪናው ከብዷል። ከወረደ ደግሞ ሞላው ከሚገባው በላይ ተሸክሟል፤ መኪናው እንደ ጀልባ ይዋዥቃል።

ስለ ክብደት ካነሳሁ፣ ከፊት የብረት መከላከያና ዊንች፣ ከላይ የብረት ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ ሁለት ትርፍ ጎማ የተጫነበት መኪና ይመጣና «ሰስፔንሽኑ ደረቀብኝ» ይባላል። ያ ሁሉ ብረት በዘይቱ ላይ ነው ያለው። የማትጠቀሙበትን ብታወርዱ ግማሹ ችግር ያለ ወጪ ይፈታል።

ዘይቱን መቀየር

ምርመራው ምንም ያሳይ ምን፣ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ዘይት ካለ ከሱ ጀምሩ። የምትገዙት ኤኤችሲ ፍሉይድ የሚለውን የቶዮታ ዘይት ነው፤ የመለዋወጫ ቁጥሩ 08886-01805 ነው፣ በ2.5 ሊትር ቆርቆሮ ይመጣል። ሁለት ቆርቆሮ ያዙ። «ያው ዘይት አይደል» ተብሎ የካምቢዮ ዘይት የተጨመረበት ሲስተም ፈትቻለሁ፤ ውፍረቱ ስለማይመሳሰል ያቺ ትንሽ ሞተር የምትቆጣጠረው መንገድ ሥራውን ያጣል። የፍሬን ዘይትማ ጎሚኒዎቹን ይበላቸዋል። በምትኩ የሚሆን የለም፤ እስኪገኝ ጠብቁ ወይም ከዱባይና ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው አስልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ሎው አድርጋችሁ ሞተሩን አጥፉ። ሻንሲውን በ4 የብረት ማቆሚያ ደግፉ። በየጎማው በኩል አንድ አንድ የአየር ማውጫ ቡሎን አለ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። መነጽር አድርጉ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቡሎኑ ላይ አጥብቃችሁ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና ቡሎኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉት። ዘይቱ በግፊት ይወጣል። አካሉ ሊሰምጥ ስለሚችል እጃችሁን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አታስገቡ። መውጣቱ ሲያቆም ዝጉ። የፊቱን ሁለቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን ሁለቱን አድርጉ። በመጨረሻ ፓምፑ አጠገብ ያለውን፣ ግፊት ያለበት ዘይት የሚያጠራቅመውን ዋናውን አኩሙሌተር፤ እዚያ ያለው ግፊት ከአራቱ የበለጠ ስለሆነ ቱቦውን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይኑር።

ማጠራቀሚያውን እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ ከመኪናው ሥር ማንም አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ማቆሚያዎቹን አንሱ፣ ሞተሩን አስነሱና ወደ ኤን ይነሳ። ከዚያ ዙሩን ድገሙት። የሚወጣው ዘይት ንጹሕ እስኪሆንና የአየር አረፋ እስኪያቆም ድረስ ነው። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን እዩ፤ ባዶ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስብና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ከቢሾፍቱ የሚመጡ ጋሼ መኪናቸውን ሊያወልቁ ይዘው መጥተው፣ የጠቆረውን ዘይት ቀይረን ብቻ ሲነዱት «ምን ጨመርክበት?» አሉኝ። የተጨመረ ነገር አልነበረም።

ቶርሽን ባርና ሞላ

ከፊት ግፊቱ በልጦ ከተገኘ ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ ነው። ኤኤችሲ ባለው መኪና ላይ ሁለቱን ባሮች እኩል ስታጠብቁ የመኪናው ከፍታ አይለወጥም። ከፍታውን የሚወስነው ሴንሰሩ ነው፤ ባሩ የሚለውጠው ግፊቱን ነው። ባሩን አጥብቆ መኪና ከፍ ለማድረግ የሚሞክር ሰው መጨረሻው ግፊት የሌለበትና የሚዋዥቅ መኪና ነው።

ሻንሲውን ደግፋችሁ የፊት ጎማዎቹ እንዲንጠለጠሉ አድርጉ፤ ክብደት ላይ እያለ የባሩን ማጥበቂያ ቡሎን ብታዞሩ ጥርሱ ይበላል። ከመጀመራችሁ በፊት የቡሎኑን ርዝመት በሁለቱም በኩል ለኩና ጻፉ። ጥርሱን በብረት ብሩሽ አጽዱ፣ ቅባት ቀቡ። አንድ ሙሉ ዙር ግፊቱን ወደ 0.2 ሜጋፓስካል ገደማ ይቀንሳል። አንድ ዙር በሁለቱም በኩል አዙሩ፣ አውርዱት፣ ንዱት፣ እንደገና ለኩ። የግራና የቀኝ ከፍታ ልዩነት ካለ ዝቅ ያለውን ጎን በግማሽ ዙር እየጨመራችሁ አመጣጥኑ።

ከኋላ ግፊቱ ከበለጠ ጥቅል ሞላውን መቀየር ነው። ለኤኤችሲ የተሠራው ሞላ ከተራው ላንድክሩዘር ሞላ የለሰለሰ ነው። «ወፍራሙ ይሻላል» ተብሎ የተራው ሲገጠም ዘይቱ የሚሸከመው ነገር ያጣል። ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ ያለው ሞላ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማስነሻ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ያ ብቻውን ይበቃል።

ኳሶቹ

ዘይቱ ተቀይሮ፣ ከፍታውና ግፊቱ ተስተካክሎ፣ መስመሩ አሁንም ከ7 ካላለፈ ኳሶቹ ይቀየሩ። ውድ ናቸው፤ አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ ሁለቱን የፊት፣ ቀጥሎ ሁለቱን የኋላ። አንዱን ብቻ መቀየር ግን ግራና ቀኙን ያለያየዋል። ያገለገለ ኳስ አልመክርም፤ ዕድሜው ከወለቀው ጋር እኩል ነው። ኳሱን ቆርጦ በብየዳ ቀዳዳ አውጥቶ ጋዝ እንሞላለን የሚሉ አሉ። በዚያ ግፊት የተበየደ ኳስ ሊፈነዳ ይችላል፤ በማንም መኪና ላይ አልገጥምም። የወለቀውንም ለቁራሌው ዝም ብላችሁ አትስጡ። ውስጡ ጋዝ ሊቀር ይችላል፣ እሳት ውስጥ ሊገባም ይችላል፤ ንገሩት።

ቪ8 እና ፕራዶ ለያዛችሁ

እኛ ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር 200 እና ፕራዶ 150 ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኬዲኤስኤስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያው ኪኔቲክ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ቶዮታ መጀመሪያ ያዋለው በሌክሰስ ጂኤክስ 470 ላይ ነው። ፓምፕ የለውም፣ መኪናውንም አያነሳም። የሚሠራው በስታቢላይዘሩ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን አያይዞ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል በሚይዘው ብረት ላይ ነው። የፊቱም የኋላውም ስታቢላይዘር በአንድ በኩል በዘይት ሲሊንደር ተይዟል፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በቧንቧ ተገናኝተዋል። ኩርባ ላይ መኪናው ፊትና ኋላው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ሁለቱ ሲሊንደሮች በአንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ዘይቱ መሄጃ ስለሌለው ስታቢላይዘሩ ይጠነክራል። ድንጋያማ ቦታ ላይ የፊት ግራው ሲነሳ የኋላ ግራው ሲወርድ ግን የአንዱ ዘይት ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ስታቢላይዘሩ እንደሌለ ይሆናል፣ ጎማው ወደ መሬት ይዘረጋል። ያለ ኮምፒውተር መንገዱን የሚለይ ነገር ነው፤ ከሁሉም የምወደው ንድፍ ይህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንድክሩዘር 300 ግን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ዓይነት አለው፤ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ይከፍታል።

የኬዲኤስኤስ ዋና ችግር መኪናው ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ነው። ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ ደልዳላ ቦታ አቁሙት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በግራ ሻንሲ ላይ ያለውን የቫልቭ ሳጥን ፈልጉ። ሁለት መዝጊያዎች አሉ። በአለን ቁልፍ ከ2 እስከ 3 ዙር አላሏቸው፣ ከዚያ በላይ አትፍቱ። ከመኪናው ሥር ወጥታችሁ አካሉን በእጅ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፣ ጥቂት ቆይታችሁ ሁለቱንም መልሳችሁ ዝጉ። በኃይል አታጥብቁ። ጋራዥ ስታቢላይዘሩን ሊፈታ ሲልም እነዚህ መዝጊያዎች አስቀድመው ይላሉ፤ ተዘግተው ከተፈታ ስታቢላይዘሩ ታምቆ ይቆይና ሲለቅ ሰው ይመታል።

ማውለቅ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ

የለም አልልም። ፓምፑም አኩሙሌተሩም አስቀድሞ የጎደለ፣ ቧንቧው በዝገት ያለቀ መኪና ላይ ሲስተሙን መልሶ መግጠም ከመኪናው ዋጋ ጋር ይወዳደራል። ሥራችሁ ዓመቱን ሙሉ መለዋወጫ በማይደርስበት ገጠር ከሆነም፣ ባሌስትራ ያለው 78 ላንድክሩዘር ከዚህ ሁሉ ይሻላችኋል። ስታወልቁ ግን ለተራው 100 የተሠራውን ወፍራም ቶርሽን ባርና ሞላ አብራችሁ ቀይሩ። የኤኤችሲው ባር ቀጭን ነው፤ ዘይቱ ሲወጣ ብቻውን ክብደቱን አይችልም፣ መኪናው ጎሚኒው ላይ ይቀመጣል።

ልትገዙ የምታዩት መኪና ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ሳትቆጥሩ ሎውና ሃይ አድርጋችሁ መስመሩን ቁጠሩ፤ ሻጩ ፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ከሆነ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የኋላ ቧንቧዎቹን ይበላል፤ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር እዩ፣ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፣ ዝገቱ እየተላጠ ከወደቀ የቧንቧውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ከሆነ ቧንቧው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ እዚያ የሚጎዳው የሲሊንደሩ ጎሚኒና የሴንሰሩ ዘንግ ስለሆነ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ አሸዋ ያዘለ እርጥብ ዘይት እንዳለ ፈልጉ።